የአያቴ ጠመንጃና ሊቀ ጥርጣሬ

የዒላማ ተኩስ ክበብ በተባለ ሁሉ ደስታን በጥንቃቄ የሚገድል አንድ ሰው አይጠፋም። የእኛው ጡረታ የወጡ፣ ብረት ሲቀርጹ የኖሩ የቶርኖ ሠራተኛ ናቸው፤ “ሊቀ ጥርጣሬ” እንላቸዋለን። ቁጭ ብለው አይቻቸው አላውቅም። ይነሳሉ፣ ይዞራሉ፣ የቆለፉትን በር ተመልሰው ይገፋሉ።

ለሁሉም ነገር አንድ አባባል አላቸው፦ “ገባ ማለት ተስማማ ማለት አይደለም።” ጫማ ስገዛ ብለውኛል። ልጃቸው እጮኛዋን ቤት ያመጣች ቀንማ፣ ሰውዬው ሶፋው ላይ ገና ሳይደላደል ይህንኑ ብለው እናትየዋን አስለቅሰዋል።

ከአያቴ የደረሰኝን፣ መቶ ዓመት ያለፈውን የወታደር ጠመንጃ ይዤ ስመጣ ጉዴ ፈላ። ከሱቅ የገዛሁት አዲስ ጥይት ልክክ ብሎ ገብቶለታል። ልተኩስ ስል እጄን ያዙኝ።

“ጋሼ፣ ልኩ እኮ ነው።”

“ልኩስ ልኩ ነው። ግን ይሄ ጥይት የተሠራው ለዛሬ ብረት ነው። የአያትህ ጠመንጃ ይህን ጉልበት ይችላል ያለህ ማን ነው? ቢፈነዳ የሚፈነዳው ጉንጭህ ሥር ነው።”

ሦስት ሳምንት ፈጀብን። የአፈሙዙን የውስጥ ስፋት ለማወቅ ለስላሳ የእርሳስ ብረት ገፍተው አሳለፉበትና ውፍረቱን ለኩ፤ አልተዋጠላቸውም፣ ደግመው ለኩ። ጥይቱን ራሳቸው ሊሞሉ የመመሪያ መጻሕፍት አገላብጠው ከሁሉም ትንሹን የባሩድ መጠን መረጡ። እኔ ሰዓቴን አያለሁ፣ እሳቸው ሚዛናቸውን ይዘው ይንጎራደዳሉ።

“በዚህ አያያዛችን ጠመንጃው ሌላ መቶ ዓመት ሊሞላው ነው” አልኳቸው።

“ይሙላው” አሉ።

በመጨረሻ ጠመንጃውን አሮጌ ጎማ ላይ አስረው፣ ከግንብ ጀርባ ሆነው ምላጩን በገመድ ሳቡ። ጮኸ፤ ምንም አልሆነም። ባዶ ቀለሁን አንስተው ስንጥቅ ፈለጉበት። ሦስት ጊዜ እንዲሁ አደረጉ። አሁንስ ተራዬ ነው ብዬ እጄን ስዘረጋ፣ ቀደሙኝና ራሳቸው አነጣጠሩ።

ደሜ ፈላ። በአያቴ ጠመንጃ እሳቸው ቀድመውኝ ሊተኩሱ? ጠጋ ስል ግን ግንባራቸው በላብ ርሷል፤ ጠመንጃው ላይ የተለጠፈው ጉንጫቸው ይርገበገባል።

“ጋሼ፣ ፈርተዋል እንዴ?”

“አዎ። አንተ ራቅ በል፣ ልጆችህ ገና ትናንሽ ናቸው።”

ተኮሱ። ቀለሁን አዩ፣ ትከሻቸውን እያሻሹ ጠመንጃውን አቀበሉኝና አጠገቤ ቆሙ።

ተኮስኩ፤ ዒላማውን በአንድ ክንድ ያህል ርቀት ሳትኩት። ምን ሊሉኝ ይሆን ብዬ ዞር ስል፣ ዒላማውን ጨርሶ አላዩትም። የሚያዩት ፊቴን ነበር።