ሰባት ሰው በአንድ ጋቢና

ባለፈው ኅዳር፣ ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ ሙሉቀን የተባለ የሚኒባስ ሹፌር ፍኖተ ሰላም ፍርድ ቤት ሰባት ምስክሮች ይዞ ገባ፤ መንጃ ፈቃዱን ሳይዝ ወጣ።

ዜናው ይኸው ነው። የቀረው ወግ ነውና ጊዜ ያላችሁ ቁጭ በሉ።

ለብዙ ዓመታት ከችሎት ችሎት እየዞረ የዘገበ ሰው አንድ ነገር ይማራል። ሕጉ ምስክር የሚለው ያየውን ነው፤ አገሬው ምስክር የሚለው የተከበረውን ነው። ሚስት ሲጠየቅ፣ ደም ሲደርቅ፣ ዋስ ሲፈለግ የሚጠራው ሽማግሌ ነው። ታዲያ ለችሎት ሲሆን ያን ሁሉ ከዘራ ቤት አስቀምጦ «አይቻለሁ» የሚል አንድ ጎረምሳ ብቻ አስከትሎ መሄድ፣ ዘመድ የለኝም ብሎ እንደማወጅ ይቆጠራል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላል ተረቱ። ሃምሳው ሰው በአንድ ሚኒባስ ይሂድ አይሂድ ግን ተረቱ አይናገርም።

ሙሉቀን የማንኩሳ ልጅ ነው፤ ከፍኖተ ሰላም ቡሬ ይመላለሳል። የተከሰሰው በገበያ ቀን ማንኩሳ መግቢያ ላይ ትርፍ ሰው ጭነሃል ተብሎ ነው። ትራፊክ ፖሊሱ «መኪናው አጠገብ ያገኘኋቸውን ቆጠርኩ፤ ከወንበሩ በላይ ናቸው። ወርደው በእግር ሊያልፉኝ ነበር» ሲል አስረዳ። ዘዴውን እናንተም ታውቁታላችሁ። ትራፊክ ከሩቅ ሲታይ ረዳቱ «ትርፎች ውረዱ!» ይላል፤ ትርፎቹም ሐኪም የእግር ጉዞ እንዳዘዘላቸው ሰዎች እየተንሸራሸሩ ፖሊሱን ያልፉና ማዶ ላይ ይሳፈራሉ። ስንቶቻችን ተንሸራሽረናል!

ሙሉቀን «ሰዎቹ የኔ ተሳፋሪዎች አይደሉም» ብሎ ካደ። እኔም በሆዴ «ሁሉም እንዲህ ነው የሚለው» አልኩ። ቀደም ብሎ የተመዘገበበት ጥፋት ስለነበር፣ ይኸኛው ከጸናበት መንጃ ፈቃዱ ለስድስት ወር ይታገዳል። መኪናው የሰው ነው። ባለቤቱ «የታገድክ ቀን ቁልፉን ለሌላ እሰጣለሁ» ብሎታል። የልጁ እንጀራ እዚያች ካርድ ላይ ተንጠልጥሏል ማለት ነው።

ምስክሮቹ አንድ በአንድ ይገቡ ጀመር። የመሰከረ ኋላ ሄዶ ይቀመጣል፤ ያልመሰከረ ውጭ ይጠብቃል። መጀመሪያ የገቡት የእድሩ ዳኛ አያ ጥሩነህ ናቸው። ትርፍ የሚባል ሰው እንዳልነበረ ከማሉ በኋላ ዳኛዋ ጠየቁ።

«የት ነበር የተቀመጡት?»

«ጋቢና ነዋ፣ ልጄ! ክቡር ፍርድ ቤት ማለቴ ነው። እኔን ኋላ ሊወረውረኝ ኖሯል? እንዲያ ያለ አሳዳጊ የበደለው አይደለም።»

ቀጥለው ጨው ነጋዴው ሀጂ ሰይድ በቁርአን ማሉና «ጋቢና» አሉ። እስከዚህ ደህና ነው፤ ጋቢና ከሹፌሩ ሌላ ሁለት ሰው ይይዛል። ሦስተኛዋ እትዬ አንጓች ናቸው።

«ጋቢና፣ መስኮቱ ጋ። ንፋስ ካላገኘሁ ያጥወለውለኛል።»

አያ ጥሩነህ ከኋላ ሳል ያዛቸው። አራተኛው ጋቢና። ሳሉ ወደ ሀጂ ሰይድ ተዛመተ። አምስተኛው ጋቢና። ስድስተኛው ጋቢና። ሰባተኛው ሰውዬ ሲገቡ ችሎቱ የሳንባ ሆስፒታል መስሏል፤ እሳቸው ግን ሳይደናገጡ «ጋቢና፣ ማርሹ ጋ ጠበብ ብዬ» አሉ።

አትፍረዱባቸው። ስለ ወንበሩ የተማከረ የለም። እያንዳንዱ ክብሩ የሚጠይቀውን መለሰ፤ ደግሞስ ምስክር ከቅርብ ካላየ ምኑን ምስክር ሆነ?

ዳኛዋ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ሙሉቀን፣ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ እነዚህ ሰዎች ምለው ዋሽተዋል፤ እንደዚያ ከሆነ በሐሰት ምስክርነት ይጠየቃሉ። ወይ ጋቢናህ ሰባት ሰው ጭኗል። የቱን ልያዝልህ?»

ሙሉቀን ወደ ኋላ ዞሮ አየ። ሳሉ ቆሟል። እትዬ አንጓች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገዋል።

«ጭኛለሁ፣ ክቡር ፍርድ ቤት» አለ። «ጥፋቱ የኔ ነው።»

ጋቢናው ብቻ ሰባት ከያዘ፣ የኋላውን ለመቁጠር ማንም አልደከመም። ፈቃዱ ታገደ።

ደጅ ላይ አያ ጥሩነህ ከዘራቸውን አወዛወዙበት። «ምነው አንተ ልጅ! እኛ አልጫነም ብለን ስንምልልህ አንተ ጭኛለሁ ትላለህ? አዋረድከን እኮ!»

«ተዉት አያ» አሉ እትዬ አንጓች፤ «ችሎት ለምዶ አያውቅ፣ ደንግጦ ነው።»

ሙሉቀን «ይቅር በሉኝ» ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ። እኔ ከስሜት ይልቅ መረጃ አምናለሁ፤ መረጃው ደግሞ ግልጽ ነበር። ትርፍ ጭኗል፣ ምስክር አስዋሽቷል፣ በመጨረሻም አምኗል። እንዲያው ብዬ ዘገብኩት።

ከሁለት ወር በኋላ ቡሬ ሻይ ቤት ውስጥ፣ በቅርቡ ወደ ከተማው የተዛወረ የወሎ ልጅ፣ አስተማሪ ነው፣ ጋዜጠኛ መሆኔን ሲሰማ ስለ አንድ ሹፌር ጠየቀኝ። ሙሉቀንን ሲያስቆሙት እሱም መኪናው ውስጥ ነበር።

«ስንት ነበራችሁ?» አልኩት።

«ስምንት ብቻ። ትራፊኩ የቆጠራቸው ሌሎቹ ከገበያ በእግር የሚመለሱ የማንኩሳ ሰዎች ናቸው። የሰፈራቸው ልጅ ሲያዝ አይተው ‹ማሩት› ሊሉ ተሰበሰቡ። ትራፊኩ ለማኙን ሁሉ ቆጠረው።»

«ታዲያ ምነው ሳትመሰክር?»

«እሺ ብዬው ነበር። ሽማግሌዎቹ ‹አገር የማያውቀውን ልጅ ማን ያምነዋል› አሏ!»

ልማድ ሆኖብኝ አንድ ጥያቄ ጨመርኩ። «ጋቢናስ ማን ነበር?»

«ሰው አልነበረም» አለኝ። «ቤት እየቀየርኩ ነበርና ፍራሼን ጭኖልኝ ነበር።»