የመጨረሻ ስምንት

ትናንት ሌሊት በሕልሜ አዲስ አበባ ውስጥ መራመድ ተከልክሎ አየሁ። ሰው ሁሉ ወደ ሥራው የሚሄደው እየጨፈረ ነበር። መገናኛ ላይ ትራፊክ ፖሊሱ አንድ ከረባት ያሰረ ሰውዬ አስቁሞ፣ ቀጥ ብለህ ስትሄድ አይቼሃለሁ ብሎ ቀጣው። ሰውዬው አሞኝ ነው፣ ሁለተኛ አይለምደኝም እያለ ለመነ። እኔ ሳቄ መጣ። ሰባት ዓመት ሙሉ ሰው ሳስጨፍር የኖርኩ የኤሮቢክስ አሰልጣኝ ነኝ፤ ዛሬ በዚህ ከተማ ማን ሊስተካከለኝ ነው ብዬ ትከሻዬን ልነቀንቅ ስል፣ ወይ ፍንክች! ደርቆ ቀረ።

ፖሊሱ ሳያየኝ እየሮጥኩ ወደምሠራበት ጂም ገባሁ። እዚያም ነገሩ ሁሉ ተገልብጧል። ሚዛኑ ሴቶቹ ላይ እየወጣ ይመዘናል፤ ወርዶም ጨመርኩ እኮ እያለ ያለቅሳል። እነሱ አይዞህ፣ ውሃ ነው እያሉ ያባብሉታል። ወይዘሮ አስካለ የምትባል ተማሪዬ አራት ኪሎ ቀንሳ ተገኝታ በር ላይ እንድትቆም ተደርጋለች። ምን ዐይኔን ይዤ ቤቴ ልግባ አለችኝ። ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ሁሉም ያውቅ ነበር።

መድረኩ ላይ ጋሽ ይልቃል ቆመው ነበር። ጋሽ ይልቃል ማለት እኔን አሰልጣኝ ያደረጉኝ ሰው ናቸው። ከልብስ ስፌት ቤት አውጥተው፣ ፊቴን ወደ ተማሪ አዙሬ "ቀኝ" ስል በግራዬ መሥራት ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። የመጨረሻ ስምንት የምትባለዋንም ከእሳቸው ነው የተማርኳት። ተማሪ ሲደክመው "የመጨረሻ ስምንት!" ትያለሽ፤ ስምንቱ ምት ተቆጥሮ ሲያልቅ "አንዴ ብቻ ደግሞ" ትያለሽ። ሰው መጨረሻ ነው ካልተባለ አይሠራም ይሉኝ ነበር። አሰልጣኝ ሁሉ የሚዋሻት ውሸት ናት፤ ማንም አይቀየምባትም።

በሕልሜ ሁልጊዜ ሲያሠሩ የሚለብሱትን ቀይ ቱታቸውን ለብሰዋል። ጎንበስ አሉና ቀኝ ጉልበታቸውን እንደ ጠርሙስ ክዳን ፈተው ፌስታል ውስጥ ከተቱት።

"ትርሲት፣ ይቺን ሦስት ሳምንት ያዢልኝ" አሉኝ።

በእውኑም ያሉኝ ይህንኑ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት ደረጃ ላይ ወድቀው ጉልበታቸው ሲጎዳ፣ የሚያሠሩትን ክፍል ሦስት ሳምንት እንድይዝላቸው ለመኑኝ። ያዝኩላቸው። ሦስተኛው ሳምንት ሲያልቅ በምርኩዝ መጡ፤ አንድ ሳምንት ይጨምሩና በደንብ ይረፉ አልኳቸው። ተመልሰው መጡ፤ አንድ ሳምንት ብቻ ደግሞ አልኳቸው። ምርኩዛቸውን ጥለው ሲመጡም ያችኑ አልኳቸው። ከዚያ የጂሙ ባለቤት የእሳቸውን ፎቶ ከበሩ ላይ አውርዶ የእኔን ሰቀለ። ደስ አለኝ። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ያ ደስታዬ ነው።

ፌስታሉን ከኋላዬ ደበቅሁት። ተማሪዎቼ ወንበር ይዘው ቆሎ ይቆረጥማሉ፤ የምሠራው እኔ ብቻዬን ነኝ። ጋሽ ይልቃል በአንድ እግራቸው ቆመው ፊሽካ ነፉና የመጨረሻ ስምንት አሉኝ። ትከሻዬ አልታዘዝ ቢለኝ በወገቤ፣ በአንገቴ፣ በቅንድቤ ሳይቀር ሠራሁ። ስምንቱ አለቀ። አንዴ ብቻ ደግሞ አሉኝ። እሱም አለቀ። አንዴ ብቻ ደግሞ። ስንት ስምንት እንደሠራሁ እንጃ፤ መስታወቱ ውስጥ ያለችው ትርሲት ደክሟት ፎጣዋን አንስታ ወጣች።

በዚህ መሃል ፌስታሉ ውስጥ ያለው ጉልበት ሙዚቃውን ሰምቶ መጨፈር ጀመረ። ኮሽ፣ ኮሽ፣ ኮሽ። አንዲት ምት አትዘነጋውም። ቆሎ መቆርጠሙ ቆመ።

"ምንድን ነው የያዝሽው?" አሉኝ ጋሽ ይልቃል።

"ሽንኩርት ነው።"

"ሽንኩርት እንዲህ ምት ይጠብቃል?"

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ፌስታሉን ልመልስላቸውና ጋሼ፣ በድዬዎታለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ ልል አፌን ስከፍት የወጣው "ጀርባ ቀና! ሆድ ወደ ውስጥ! ፈገግ!" ሆነ። ተማሪዎቹ ተነስተው ጀርባቸውን አቀኑ፣ ፈገግ አሉ፣ አጨበጨቡልኝ። ጋሽ ይልቃልም እንደታዘዙት ጀርባቸውን አቅንተው ፈገግ አሉ። እኔ እንባዬ ይወርዳል፣ እሳቸው ፈገግ እንዳሉ ናቸው። እንደገና ይቅርታ ልል አፌን ስከፍት ስልኬ ጮኸና ነቃሁ።

ነግቷል። የሚደውሉት ጋሽ ይልቃል ናቸው። አምስት ወር ተደዋውለን አናውቅም፤ እግዜር ነው ያስደወላቸው አልኩ። ዛሬውኑ ክፍልዎን ይረከቡኝ እላቸዋለሁ፣ አለቀ፣ ብዬ አነሳሁት። እሳቸው ቀደሙኝ። ሐኪሙ ጉልበትዎ እንዳይደርቅ ስፖርት ይሥሩ ብሏቸው ኖሮ፣ እኔ በያዝኩት ክፍል በተማሪነት መመዝገብ ይችሉ እንደሆነ ነው የሚጠይቁኝ። ከኋላ እቆማለሁ፣ አልረብሽሽም አሉኝ።

ከኋላ ቆመው ሲያዩኝ ታየኝ። የድሮ ተማሪዎቻቸው ዞረው ሲያቅፏቸውም ታየኝ።

"ጋሼ፣ አሁን ቦታው ሞልቷል" አልኳቸው። "አንድ ሳምንት ብቻ ይታገሱኝ።"

ከልባቸው ሳቁ።

"ትርሲት" አሉኝ፣ "ይቺንማ ያስተማርኩሽ እኔው አይደለሁ?"

ስልኩን ዘጉት።