የሙሰዲቅ ክታብ

በየሰፈሩ ሰውን ካልለወጠ እንቅልፍ የማይወስደው አንድ ሰው አይጠፋም። አንዱ መድኃኒትሽን ያስቀይርሻል፣ ሌላው ቀለብሽን። የጅቡቲው ሙሰዲቅ ግን ኮምፒዩተርሽ በሊኑክስ ካልሠራ ነፍስሽ ያሳስበዋል።

እልፍነሽ ሊኑክስ ምን እንደሆነ፣ በዊንዶውስ ፈንታ ኮምፒዩተር የሚያንቀሳቅስ ነፃ ሲስተም መሆኑ፣ ሳትጠይቅ ነው የተነገራት። ሙሰዲቅ ካርቲዬ ሁለት ሰፈር ወዳለችው የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቷ መጀመሪያ የመጣው መታወቂያ ኮፒ ሊያስደርግ ነበር። ስክሪኗን በጨረፍታ አየና ራጅ እንደሚያነብ ሐኪም ከንፈሩን መጠጠ።

«ዊንዶውስ ነው?»

«ምን ላድርግ፣ ሲገዛ አብሮት መጣ።»

«አብሽሪ እህቴ፣ ይድናል። አንዴ ብቻ ሞክሪው!»

ያን ቀን መታወቂያውን ረስቶት ሄደ።

ሊቀ ሊቃውንት ሙሰዲቅ ቀን ቀን ዶራሌ ወደብ ከኮንቴይነር ጋር ሲታገል ይውላል። አንገቱ ላይ፣ ሌላው ክታብ በሚያስርበት ቦታ፣ በጥቁር ክር የታሰረ ፍላሽ አለ። ሊኑክሱ እዚያ ውስጥ ነው። ለቅሶ ቤት ገብቶ «አላህ ያጽናችሁ» ካለ በኋላ የሟች ላፕቶፕ በምን እንደሚሠራ የጠየቀ ሰው ነው። ወደ ባልባላ ሰፈር በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ደግሞ አንዲት ቲማቲም ነጋዴን «እናቴ፣ ስልክሽ ውስጥ እኮ ሊኑክስ አለ!» ቢላት፣ ሴትዮዋ ደንግጣ ስልኳን ገልብጣ አራገፈችው።

የሚመክተው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ከእልፍነሽ ጎረቤት ቢሮ የሒሳብ ሠራተኛ የሆነው መልአኩ። የዊንዶውስ ጠበቃ። ከሰዓት በኋላ ሁለቱ ወንበር ስበው ሲቀመጡ ደንበኛ መግቢያ ያጣል።

«ዓለም ሁሉ ዊንዶውስ ይጠቀማል። ዓለም ሁሉ ተሳስቶ ነው?» ይላል መልአኩ።

«አገር ሁሉ ጫት ይቅማል። አገር ሁሉ ልክ ነው?» ይላል ሙሰዲቅ፣ ጉንጩን በጫት ሞልቶ።

እልፍነሽ ለሁለቱም አንድ መልስ ነበራት፦ «በዚህ ሙቀት ከሁሉም የሚበልጠው ቬንቲላተር ነው።»

ሐምሌ ላይ ግን ጉድ መጣ። ሀና የምትባል ልጅ የሰርግ ጥሪ ካርዷን ልትወስድ መጣች። ካርዱ በማታው አውቶቡስ ድሬዳዋ መድረስ አለበት። ካርድ ያልደረሰው ዘመድ ሰርግ አይመጣም፤ ከመጣም ኩርፊያውን ይዞ ነው። እልፍነሽ ልታትም ስትል ኮምፒዩተሩ በራሱ ጊዜ አፕዴት ጀመረ። «አታጥፉት» ይላል በፈረንሳይኛ። ይህን እንዳለ መብራቱ ጠፋ! ሲመለስ ስክሪኑ ላይ አንዲት ክብ ብቻ ትዞራለች።

ሀና ማልቀስ ጀመረች። ሊቃውንቱ ክርክር ጀመሩ።

«አፕዴቱ እኮ ለጥቅሟ ነው!» አለ መልአኩ።

«ሳይጠይቃት? አቦ፣ ይሄ አማት ነው እንጂ ሲስተም ነው?»

«ቢያንስ የኔን ሲስተም ሰው ሁሉ ያውቀዋል!»

እልፍነሽ ጠረጴዛውን መታች። «እናንተ ስትሟገቱ ልጅቷ ያለ ዘመድ ልትዳር ነው! የሚያድን ካለ ያድን፤ ከሌለ ውጡልኝ!»

ሙሰዲቅ ክሩን ከአንገቱ አውጥቶ ፍላሹን ሰካ። ክሩን ከአንገቱ አውጥቶ ፍላሹን ሰካ። ጥቁር ስክሪን፣ ነጭ ጽሑፍ፣ ከዚያ የማታውቀው ሰማያዊ ገጽ መጣ። የእሷ ፋይሎች በሙሉ እዚያ ውስጥ ተቀምጠዋል! የሀና ካርድ ከነቀለበቱ ተከፈተ።

«አለ!» ብሎ ጮኸ ሙሰዲቅ። ሀና ለራሷ ሰርግ ራሷ እልል አለች። መልአኩ አጨበጨበና ወዲያው ትዝ ብሎት እጁን ኪሱ ከተተ።

ደስታው አታሚው ድረስ ነበር። የእልፍነሽ አሮጌ አታሚ ሊኑክስን አላውቅም አለ። ሙሰዲቅ ለመነው፣ አባበለው፤ አታሚው ግን ቀይ መብራቱን ብልጭ እያደረገ አልሰበክም አለ። ይሄኔ መልአኩ እንደ ሚዜ ኮሌታውን አስተካክሎ ወጣና ዊንዶውስ ያለውን ላፕቶፑን ከቢሮው ይዞ ተመለሰ። ካርዱን በፍላሹ አዛወሩት፣ አተሙት፤ አንዱ ሲያጥፍ አንዱ ፖስታ ሲያሽግ ካርዱ ለማታው አውቶቡስ ደረሰ።

የእልፍነሽ ኮምፒዩተርም በማግስቱ አፕዴቱን ጨርሶ ተነሣ። ከዚያ ወዲህ ሙሰዲቅ «ካርዱን ሊኑክስ አዳነው» ይላል። መልአኩ ደግሞ «የዳነውን ማን አተመው?» ይላል።

ነሐሴ ሲገባ ሙሰዲቅ ሙቀቱን ሸሽቶ ድሬዳዋ እናቱ ጋ ሄደ። ፍላሹን ከእልፍነሽ ግድግዳ ሚስማር ላይ ሰቅሎ «ለክፉ ቀን» አላት። እሷም በልቧ እፎይ አለች። ቤቱ ግን ጭር አለ። መልአኩ ይመጣል፣ ይቀመጣል፣ በረጅሙ ይተነፍሳል።

«ሙሰዲቅ ደወለ?»

«አልደወለም።»

አንድ ቀን ዓቢዳ የምትባል ደንበኛ የሚንቀራፈፍ ላፕቶፕ ይዛ መጣች። የራሷን ኮምፒዩተር እስከ ዛሬ ከዊንዶውስ ያላላቀቀችው እልፍነሽ ስክሪኑን አየች። ከንፈሯን መጠጠች።

«ዊንዶውስ ነው?»

እጇ ወደ ሚስማሩ ሄደ። «አብሽሪ። አንዴ ብቻ ሞክሪው።»

የመልአኩ ፊት መብራት እንደ መጣለት ሰፈር ቦግ አለ። ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ሳበ።

«ቆይ እንጂ እልፍነሽ፣ ዓለም ሁሉ ተሳስቶ ነው?»