ፕላስተር የተለጠፈባት መብራት

አደጋው የታየኝ ከመርሳ ወጥተን ሲሪንቃ ሳንደርስ ነው። ሹፌራችን ጋሪ ሊቀድም ወደ ግራ ሲወጣ፣ ከኋላ የመጣ የጭነት መኪና ለጥቂት ሳተን። ትንሿ ልጄ ጭኔ ላይ ናት።

«መኪና ሲጠጋ ስፖኪዮው ላይ የምትበራው መብራትስ ለምን አልበራችም?» አልኩት።

«ሁልጊዜ እየበራች ብታስቸግረኝ ፕላስተር ለጠፍኩባት፣ እትዬ!» አለኝ በኩራት።

ቤቱ ሲቃጠል «እሳት!» ያለውን ጎረቤት አፍ የሚይዝ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ገጠመኝ። መብራቷን መርሳ ላይ ሦስት አዋቂዎች መርምረዋታል አለኝ። አንዱ ሽቦ ነው አለ፤ ሌላው የሰው ዓይን ነው አለ፤ ሦስተኛው «የውጭ መኪና ናት፣ ባጃጅ ስታይ ትደነግጣለች» ብሎ ፈረደ።

«ዳር ያዝና አቁም!» አልኩ።

«አንቱ ደግሞ መቼ መካኒክ ሆኑ?»

ከሁለተኛ ክፍል አላለፍኩም። ግን ከኋላ የሚመጣውን የምታይ ከሆነ ዓይኗም ከኋላ አይደለም እንዴ? ሲያቆም ወርጄ ባይ፣ ዓይኗ ያለበት የኋላ መከላከያ በክረምት ጭቃ ተለስኗል። በውሃና በነጠላዬ ጫፍ ፈትጌ አጠብኩት፤ ፕላስተሩንም ላጥኩት። ያለ ምክንያት ስትበራ የነበረችው መብራት ጠፋች።

ቀጥሎ ሊቀድም ሲል ግን ቦግ አለች። ሹፌሩ እያጉረመረመ ጠበቀ፤ አውቶቡስ በጎናችን ሽው ብሎ አለፈ።

ወልድያ ደህና ገባን። ልጄም እኔም ተርፈናል።