ካንዴላ ፍለጋ ከጋሽ ደግሰው ጋር

መንገድ ሲጠየቅ በጣቱ ከማመልከት ይልቅ ተነስቶ አብሮ የሚሄድ ሰው የሌለበት ከተማ የለም። የላሊበላው ጋሽ ደግሰው ናቸው። ገበያው ዳር ካለ ሱቅ በረንዳ ላይ ልብስ ይሰፋሉ፤ ይሰፋሉ ማለቴ መንገድ የሚጠይቅ እስኪመጣ ድረስ ነው። «ባንኩ በየት ነው?» ካሏቸው መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰክተው ይነሳሉ። «እዚችው ናት፤ አብረን እንሂድ።» በረንዳው ላይ አንድ እግሩ ብቻ የተሰፋ ሱሪ ታቅፎ የሚጠብቃቸው ደንበኛ ጠፍቶ አያውቅም። አንድ የገና ሰሞን ለተሳላሚ መንገድ ሊያሳዩ ከበረንዳው ወርደው ይምርሃነ ክርስቶስ ገዳም አድረው ተመልሰዋል።

እኔ ከከተማው በላይ፣ ባጃጅ ከማይወጣው ዳገት ጫፍ፣ ትንሽ የእንግዳ ማረፊያ አለችኝ። እንግዳ የማወጣው በባለ አራት ጎማ ሞተር ነው። ማረፊያዋ ብዙ ጊዜ ተዘግታ ከከረመች በኋላ ቅዳሜ የሚገቡ አዛውንት ባልና ሚስት አገኘሁ። ሚስትየው ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ዳገቱን በእግራቸው አይሞክሩትም። ሥራ ፈትታ የቆየችውን ወጥ ሠሪዬን ፍቅርአዲስን «ነይ፣ ልንከፍት ነው» ብዬ አስጠራሁ። እሷ ማድቤቱን ስትጠርግ እኔ ሞተሩን ባስነሳው እምቢ አለ። ካንዴላውን ፈትቼ ባየው ነጩ ሸክላ ተሰንጥቋል።

ካንዴላ መቼም ካንዴላ ነው ብዬ ነበር። ለካ እንደ ጫማ ቁጥር አለው። ከባጃጅ ጠጋኞች ያገኘሁት ቀጭን ሆኖ ጉድጓዱ ውስጥ ተወዛወዘ። የውሃ መሳቢያው ካንዴላ አጭር ነው። አንዱ ረዘም ያለ ሲሰጠኝ ሌላው «ተው! ከፒስተኑ ጋር ተጋጭቶ ሞተርህን ይበላዋል» ብሎ አስጣለኝ።

በዚህ መሀል፣ በጋሽ ደግሰው በረንዳ ሳልፍ ነው አፌን ያዳለጠኝ። «ጋሼ፣ የሞተር ዕቃ የሚሸጥ ሌላ ሰው ያውቃሉ?»

«ፍላቂት ከተማ፣ ጀውሀራ የምትባል ነጋዴ አለች ሲሉ ሰምቻለሁ» አሉና መርፌውን ሰኩ። «እዚችው ናት፤ አብረን እንሂድ።»

ፍላቂት እዚችው አይደለችም። ጋሸና ወርዶ መኪና መቀየር አለ።

«ኧረ ጋሼ፣ እኔው እሄዳለሁ፤ እርስዎ ሥራዎን ይሥሩ።»

«ብቻህን? ብትጠፋስ?»

በሚኒባሱ ውስጥ አሮጌውን ካንዴላ ከእጄ ተቀብለው አገላበጡት። «ይቺ ሥራዋ ምንድን ነው?»

«እሳት ትጭራለች፣ ቤንዚኑ እንዲቀጣጠል።»

«ቤንዚን ውስጥ እሳት? ታዲያ ሞተሩ እንዴት አይጋይም?»

ስንት ዘመን ሞተር ስነዳ አንድም ቀን አስቤው አላውቅም። ሾፌሩ ሊያስረዳ ጀመረ፣ አንድ መምህር አረመው፣ ገብስ ጭነው የተሳፈሩ ሴትዮ ደግሞ ሁለቱንም አላመኗቸውም። ጋሸና እስክንደርስ ክርክሩ አልበረደም።

ፍላቂት ስንደርስ ጀውሀራ መንገድ ዳር ባለች ጠባብ ሱቋ የእኔን ስንጥቅ ከአዲሶቹ ጋር አንድ በአንድ እያስጠጋች ለካች። በመጨረሻ አንዱን አነሳች። «ጥርሱም ቁመቱም አንድ ነው።»

እጄን ዘረጋሁ። «ስጪኛ!»

«የያሲር ናት። አስመጪልኝ ብሎኝ ከወልድያ ያስመጣሁለት አማና ነው፤ ወላሂ አልሰጥም።»

«ራሱን ልጠይቀው። የት ይገኛል?»

«ሞተረኛ አንድ ቦታ ይቆማል? ስልኩም ዝግ ነው።»

ምክር ፍለጋ ዞር ብል ጋሽ ደግሰው የሉም።

የሆነውን ኋላ ነው የሰማሁት። ሼህ ሙሐዲን የሚባሉ ዓይናቸውን ያመማቸው ሽማግሌ ከገጠር መጥተው የጤና ጣቢያውን መንገድ ጠየቋቸው። ጋሼ ፍላቂትን ከዚያ ቀን በፊት ረግጠው አያውቁም። «እዚችው ናት፤ አብረን እንሂድ» አሉ።

እኔ ጋሼን ጥዬ መሄድ አቅቶኝ ሱቁ በር ላይ እንቆራጠጣለሁ። ረዳቱ «ጋሸና! አንድ ሰው! የመጨረሻ ነው!» ይላል። ሚኒባሱ ሞልቶ ሄደ። ቅዳሜም፣ እንግዶቹም፣ የፍቅርአዲስ ሥራም አብረውት የሄዱ መሰለኝ።

«አብሽር ወንድሜ» አለችኝ ጀውሀራ፣ በርጩማ እያወጣች። «ትልቅ ሰው የትም አይጠፋም።»

ብዙ ሳይቆይ አንድ ሞተር ሳይክል ሱቁ ፊት ቆመ። ከኋላ ባርኔጣቸውን በአንድ እጃቸው የጨበጡት ጋሽ ደግሰው ናቸው። የነዳው ያሲር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለቱ ሽማግሌዎች ጤና ጣቢያውን ስለማያውቁት በየደጁ ጠየቁ። በየደጁ ሰላምታ አለ፤ ከሰላምታ በኋላ «ከየት መጣችሁ?» አለ፤ ጋሼ ደግሞ ያጠረ መልስ አያውቁም። ሼሁ ሐኪም ፊት ሲቀርቡ፣ ከላሊበላ ለሞተር እሳት ፍለጋ ስለመጡት ሰውዬ ግማሹ ከተማ ሰምቶ ነበር። ሻይ ቤት ተቀምጦ የነበረው ያሲርም ሰምቶ ፍለጋ ወጣ።

«ስጫቸው ጀውሀራ» አለ ከሞተሩ ሳይወርድ። «እኔ ለመጠባበቂያ ነው፤ ያለችኝ ገና ትሠራለች። ሌላ ታስመጪልኛለሽ። እንግዳ እኮ አጓጉተው አይመልሱትም።»

ወደ ጋሸና በሚሄድ የገብስ ጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ ተጣብቀን ተመለስን። አመሻሽ ላይ ካንዴላውን በእጄ ሳዞረው ያለ ትግል ገባ፤ በቁልፍ አጠበቅሁት፤ ሞተሩ ወዲያው ተነሳ። ቅዳሜም ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሴትዮ በእሱ ወጥተው የፍቅርአዲስን ሽሮ እያደነቁ በሉ።

መጀመሪያ የተሳፈሩት ግን እሳቸው አይደሉም። ያን ምሽት ሞተሩ እንደተነሳ ወደ ጋሽ ደግሰው ዞርኩ።

«ጋሼ፣ ይሳፈሩ፣ ቤትዎ ላድርስዎ።»

«እኔን?» አሉ። ግራ ገባቸው። «ለምን?»

በግድ አስቀመጥኳቸው። ሞተሩን ካንቀሳቀስኩ በኋላ ነው ቤታቸውን እንደማላውቀው የገባኝ። ስንት ጊዜ ከደጄ ድረስ ሸኝተውኛል። ከትከሻዬ በላይ እጃቸውን ዘርግተው «በዚህ... አሁን በዚያ» እያሉ መሩኝ። በጭቃ የተመረገችው ቤታቸው ከተማው ጫፍ ላይ ነበረች፣ ከሚሸኟቸው ሰዎች ሁሉ ቤት የራቀች።

ባለቤታቸው ይማርሽ የሞተሩን ድምፅ ሰምተው ደንግጠው ወጡ። ባላቸውን፣ ከዚያ እኔን አዩ።

«ምነው፣ አሞት ነው?»

«ኧረ ደህና ናቸው። ላደርሳቸው ብዬ ነው።»

ይማርሽ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አስጠጉ። «ስንቱን ሲያደርስ ኖረ» አሉ ቀስ ብለው። «እሱን የሚያደርስ ሰው ዛሬ ገና አየሁ። ግባ ልጄ፣ ግባ።»

ላይ ቤት የሚጠብቀኝ ሥራ ብዙ ነበር። ሞተሩን አጠፋሁና ገባሁ።