አክስቴ ዘነቡ የሙታን ቀን ለቅሶ ደረሰች

ሰው ከኋላው ሲታይ ደግ አይመስላችሁም? ለእኔ ይመስለኛል። ካሜራዬ ውስጥ ያለው ሁሉ ጀርባ ነው። አውቶቡስ የሚጠብቁ ሰዎች ጀርባ፣ ቅዳሴ የቆሙ ምእመናን ጀርባ፣ የእናቴ ጀርባ። ነገሩ ጥበብ እንዳይመስላችሁ። «ፎቶ ላንሳዎት?» ብሎ መጠየቅ ያስፈራኛል። ጀርባ ደግሞ እምቢ አይልም።

ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል። የፎቶ አስተማሪዬ ግን ወርቅ አትቀበልም። ለእያንዳንዳችን በዕጣ አንድ በዓል ሰጠችን፤ ለእኔ ሜክሲኮዎች ሙታናቸውን የሚያስቡበት ቀን ደረሰኝ። ቢያንስ አንድ ፊት አንስተሽ ነይ፣ ያውም ባለቤቱን አስፈቅደሽ፣ አለበለዚያ ከክፍላችን ኤግዚቢሽን ወጥተሻል አለችኝ። ፊት ከነፈቃዱ!

መንጃ ፈቃድ የለኝም። ያለችኝ አክስቴ ዘነቡ ናት። ኢስት ፖይንት የምትባል ከተማ ትኖራለች፣ ኤርፖርት ትሠራለች፣ ለቅሶ ደግሞ አያመልጣትም። «ሠርግ ተጠርተሽ ነው፤ ለቅሶ ግን ሳይጠሩሽ ነው የሚኬደው» ትላለች። እንግዲህ «የሙታን መታሰቢያ አለ፣ ውሰጂኝ» ስላት ምን እንደገባት መገመት አያቅትም። ጥቁር ለብሳ፣ ነጠላዋን ለሐዘን አዘቅዝቃ፣ መኪናዋ ትራንክ ውስጥ አንድ ካርቶን ውሃ ጭና መጣች። ጭፈራ እንዳለበት፣ ሰዎቹም ፊታቸውን የራስ ቅል አስመስለው እንደሚቀቡ ልነግራት አፌ ላይ መጣ። ዋጥኩት። ብነግራት ትወስደኝ ነበር?

መጀመሪያ ሎረንስቪል የምትባል ከተማ ሄድን። ኢንተርኔት ላይ ያየሁት በዓል ለካ ባለፈው ቅዳሜ አልቋል። የቀረው አንድ ሱቅ በር ላይ በግማሽ ዋጋ የተሰቀለ የፕላስቲክ አጽም ብቻ ነው። «ይሄ ደግሞ ቀባሪ አጥቶ ነው?» አለች አክስቴ አማትባ። እኔ መኪና ውስጥ ተሸሽጌ፣ እሷ ወርዳ ሻጯን ጠየቀች። ታከር የምትባል ሌላ ከተማ፣ አንድ ዳቦ ቤት ፊት ያለው ፓርኪንግ ላይ ዛሬ አለ ተባለች።

ታከር ደርሰን ገና ከመኪና ሳንወርድ የጭፈራ መለከት ተሰማ። ድንኳኖች፣ እንደ አደይ አበባ ቢጫ የሆነ የአበባ ክምር፣ የስኳር ራስ ቅል የሚልሱ ሕፃናት። አክስቴ እንደወረደች ቆመች። ዞራ አየችኝ። እኔ ጫማዬን አየሁ።

ብቻ አንድ ጠረጴዛ ላይ የሰው ፎቶ፣ ሻማና ዳቦ አየች። አጠገቡ ፊታቸውን በነጭና በጥቁር የተቀቡ አሮጊት ተቀምጠዋል። ሌላውን ሁሉ ተወችው። አጎንብሳ በአማርኛ «እግዜር ያጽናዎት» አለች፣ ጎናቸው ተቀመጠች፣ አለቀሰች። የምር ለቅሶ! የሚጨፍሩት ሁሉ ቆሙ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምን ነበረበት?

አሮጊቷ እጇን ያዙ። ከዚያ እሳቸውም ጀመሩና ቀለሙ በጉንጫቸው ወረደ። የልጅ ልጃቸው ወደ እንግሊዝኛ ስትተረጉም፣ ወደ አማርኛ የሚተረጉም ከእኔ ሌላ ማን አለ? ካሜራዬን ወደ ጎን አድርጌ ጀመርኩ።

ፎቶው ላይ ያለው ባለቤቴ ነው አሉ አሮጊቷ። በዓመት አንድ ቀን ሊጠይቀን ይመጣል። ሁሉም ይጨፍርለታል፣ ያለቀሰለት ሰው ግን ካየሁ ቆየሁ አሉ።

«መቼ ነው ያረፉት?» አለች አክስቴ።

ካረፈ አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው አሉ።

«አሥራ ስድስት ዓመት! ድንኳኑ እስካሁን አልፈረሰም?»

ይህንንም ተረጎምኩት። አሮጊቷ በሳቅ ሊወድቁ ደረሱ። ፎቶውንም አቀረቡልን፤ ሰውየው ዓይኑን ጨፍኗል። በሕይወቱ ካሜራ ሲያይ ይሸሽ ነበር፣ የተገኘው ይሄው አንዱ ነው፣ በየዓመቱ እንቅልፋም ሆኖ ይቀመጣል አሉ። አክስቴ እንባዋን ሳትጠርግ ሳቀች። ያኔ እኔ፣ እኔው ራሴ፣ «ፎቶ ላንሳችሁ?» አልኩ። ያውም በሁለት ቋንቋ። አንድ ፊት ፍለጋ ወጥቼ ሁለት አገኘሁ። ውሃውም አልባከነም፤ ጨፋሪ ይጠማዋል።

ስንመለስ አክስቴ ሬዲዮውን አጠፋች። ልትቆጣኝ ነው ብዬ ቀበቶዬን አጠበቅኩ።

«ስሚ አንቺ፣ የእኔ ፎቶ አለሽ?»

«የዛሬው አለ። ሌላው... ጀርባሽ ነው።»

«ጀርባዬ?!»

ነዳጅ ማደያ ገብታ ፓርክ አደረገች። ነጠላዋን እንደ ደህና ቀን መልሳ ለበሰች፣ ሊፕስቲክ ተቀባች፣ መስታወቱን ወደ ራሷ አዙራ ተመለከተች።

«በይ አሁን አንሺኝ። ስሞት ያንን የመንጃ ፈቃዴን ፎቶ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡና፣ እንኳን በየዓመቱ፣ አንድ ቀንም አልመጣላችሁም!»