ከጃፓን የተቀዳው ጥንዚዛ

እኛ አገር አንድ ዕቃ ዓይን ሲሞላ የሚጠየቀው «ማን ሠራው?» ተብሎ አይደለም፤ «ከየት መጣ?» ተብሎ ነው። ቡሬ ገበያ ዳር አንድ ጫማ ሰፊ አውቃለሁ፤ እጁ የተባረከ ነው። ገዥ መጥቶ፣ እሱው የሰፋውን ጫማ አገላብጦ ካየ በኋላ የውጭ እንደሆነ ሲጠይቀው፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ «አዎ፣ የውጭ ነው» ይላል። አንድ ቀን ምን ያስዋሸሃል ብዬ ብወቅሰው፣ እውነቱን የነገራቸው ዕለት ጫማው ወዲያው እንደሚጠባቸው አጫወተኝ። በዚህ ሰውዬ ስንት ጊዜ እንደሳቅሁ አትጠይቁኝ። እናንተ ግን አትሳቁ። የሳቁበት ይደርሳል።

ያን ጊዜ ፍኖተ ሰላም ውስጥ ኤሌክትሮኒክስ አስተምር ነበር። ዘመኑ ግምገማና ስብሰባ የበዛበት፣ «ቴክኖሎጂ ቅዱ፣ አሸጋግሩ» የሚባልበት፣ ካይዘን የሚሉት የጃፓኖች የአሠራር ዘዴ በየቢሮው ግድግዳ የተለጠፈበት ነው። ባልደረቦቼ ከሥራ በኋላ ከረንቡላ ይጫወታሉ። እኔ ጥንዚዛ እሠራለሁ። ነገሩ የጀመረው በአንድ ክረምት፣ ከምከራይበት ግቢ በር ላይ ባጃጅ ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ አራት ሆነን ስንገፋ ነው። እኛ እያማጥን ሳለ ከጎናችን አንዲት ጥንዚዛ ያንኑ ጭቃ ምንም ሳይመስላት ተሻገረችው። ባጃጁን መግፋቱን ትቼ እሷን ተከተልኩ። ባለ ባጃጁ እስካሁን በደንብ ሰላም አይለኝም።

እግሮቹን ከተሰባበረ ጃንጥላ ሽቦ፣ ሰውነቱን ከሰርዲን ቆርቆሮ፣ ሞተሮቹን ከስድስት የሞቱ ቴፕ ሪከርደሮች አወጣሁ፤ ለእያንዳንዱ እግር አንድ ሞተር መሆኑ ነው። ኃይል የሚያገኘው መሬት ላይ ከተደረደረ የባትሪ ድንጋይ፣ በረዥም ሽቦ ነው። እንዲህ ያሉ ነፍሳት ሦስት እግር አንሥተው በቀሩት ሦስቱ እንደሚቆሙ፣ ከዚያም እንደሚቀያየሩ ኢንተርኔት ቤት ገብቼ አንብቤ ነበር። ጉልቻም የሚቆመው በሦስት ነውና አልከበደኝም። ጉልቻ ቢቀያየር ወጥ አያጣፍጥም ይባላል፤ ጥንዚዛ ግን የሚሄደው ጉልቻውን እየቀያየረ ነው። የእኔው ታዲያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሦስት እርምጃ ይራመድና ተንቀጥቅጦ በጎኑ ይወድቃል። ስድስቱ ሞተሮች ከስድስት ቴፕ የመጡ ስለሆኑ አንዱ ይፈጥናል፣ ሌላው ይዘገያል። ነገሩ ከስብሰባችን አይለይም፤ አዳራሽ ውስጥ ሁሉም ተስማምቶ እጁን ያወጣል፣ ከበሩ ሲወጣ ሁሉም በየፊናው ነው። ጎረቤቶቼ መምህሩን ነካ ሳያደርገው አልቀረም ማለት ጀምረው ነበር፤ እኔም አንዳንድ ቀን ሳልስማማ አልቀረሁም።

አባቴ የመጡት በዚህ መሀል ነው። የሚኖሩት ከማንኩሳ ወጣ ብሎ ካለ ገጠር ነው፤ የመጡትም የዓይን ሞራቸውን ሊያስገፍፉ። እንደ ጎረቤቶቻቸው ሁሉ ገበሬ ናቸው፤ በወጣትነታቸው ስማቸው የተጠራው ግን በእርሻ አልነበረም። በቅሎ ይገሩ ነበር። ደንባራ በቅሎ ይረከቡና የአንድ ጎኗን የፊትና የኋላ እግር በጠፍር እያሰሩ፣ ወር ሁለት ወር አስተምረው ሰጋር አድርገው ለባለቤቷ ይመልሷታል። ባለቤቱም ሙሉ መለኪያ አረቄ በእጁ ይዞ ይቀመጥባትና ሜዳውን ዞሮ ይመጣል። ከአረቄው ጠብ ያለ እንደሆነ በቅሎዋ ገና ናት፤ ወደ ጠፍሯ ትመለሳለች። በአባቴ ዘመን አረቄ አልፈሰሰም ይባል ነበር።

ከዚያ ሚኒባስና ባጃጅ መጣ። ሰጋር በቅሎ የሚሻ ጠፋ፤ ለቅሶ ደራሹም ገበያተኛውም መኪና ይጠብቃል። አንድ ጊዜ ለእናቴ «ሙያዬን ይዤው ልቀበር ነው» ሲሏት ሰምቻለሁ። ለእኔ አላሉኝም። እኔም ጠይቄያቸው አላውቅም፤ ተማሪ ሳለሁ የአባት ሥራ ሲጠየቅ «ገበሬ» እልና በቅሎዎቹን እዘላለሁ። አፍርባቸው ነበር ማለት ነው፤ ለዚህ ነገር ሌላ ስም ፈልጌ አጥቻለሁ።

ከሕክምና በተመለሱ ማግሥት፣ አንድ ዓይናቸው በፋሻ ታስሮ፣ ሌላው ሞራው ገና ሳይነካ፣ ጓዳ ውስጥ ጋደም ብለው ነበር። እኔ ሳሎኑ ሲሚንቶ ላይ ጥንዚዛውን ለቀቅሁት። ከች ከች ከከች ብሎ ወደቀ። አነሣሁት፤ ደግሞ ወደቀ። ይኸኔ ከጓዳ ድምፅ ሰማሁ።

«ማነው የሚያነክሰው?»

ሰው እንዳልሆነ፣ እኔ የሠራሁት ዕቃ እንደሆነ ነገርኳቸው።

«ዕቃም ቢሆን። የግራ ኋላው ይዘገያል።»

ጎንበስ ብዬ አየሁት። እውነትም ከሁሉ የሚዘገየው የግራ የኋላ እግሩ ሞተር ነበር። እኔ ሁለት ዓመት አፍጥጬ ያላየሁትን እሳቸው ዓይናቸው ታስሮ ሰሙት።

ፋሻው በተፈታ ዕለት ጥንዚዛውን አስመጥተው እግሮቹን አንድ ባንድ ቆጠሩ። ባለ ስድስት እግር ገርተው እንደማያውቁ፣ ስለዚህ መጀመሪያ እናቲቱን ማየት እንደሚፈልጉ ነገሩኝ። ከጓሮ እውነተኛ ጥንዚዛ ፈልጌ አመጣሁላቸው። ጆንያ ላይ ለቀቋትና በአዲሱ ዓይናቸው እንዳቀረቀሩ ረፈደ፤ ምሳ ቀርቦ ቀዘቀዘ። ከዚያ ቀና ብለው ሲባጎ እንዳመጣ አዘዙኝ።

የአንድ ጎኑን የፊትና የኋላ እግር ከማዶው የመሀል እግር ጋር አሰሩ፤ የቀሩትንም ሦስቱን እንዲሁ። ሲያስሩ ክሩን አንድ ጣት ያህል ያላሉታል። ካጠበቁት እንደሚወድቅ፣ በጣም ካላሉት ደግሞ እንደማይማር፣ ዋናው ነገር ፈጣኑ እግር ሰነፉን እንዲጠብቅ፣ ሰነፉም በፈጣኑ እንዲጎተት መሆኑን እጃቸው ሳያርፍ ያስረዱኝ ነበር። አባቴ ያን ያህል ሲያወሩኝ የመጀመሪያዬ ነው። ልጅ ሆኜ ብጠይቃቸው ኖሮ በየቀኑ ይነግሩኝ የነበረውን በአንድ ከሰዓት በኋላ ነገሩኝ።

ጥንዚዛው ተራመደ። መንቀጥቀጡ ቀረና ሳሎኑን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ አቋረጠ። አባቴ መለኪያ አስመጡ፤ አረቄውን እስከ አፉ ሞሉና ጀርባው ላይ አስቀመጡት። እሳቸው አቀርቅረው ያዳምጣሉ፣ እኔ መለኪያውን አያለሁ። ደርሶ ቆመ። ጠብ አላለም። አባቴ መለኪያውን አንሥተው ጭልጥ አደረጉት። ፊታቸው እንዲያ ሲፈካ ያየሁት ከልጅነቴ ወዲህ ያን ቀን ብቻ ነው።

መቼ እንደምፈታው ጠየቁኝ። በቅሎ ስትሆን ጠፍሩ ይወልቅና እርምጃው እግሯ ላይ ይቀራል። ማሽን ግን የተማረውን እንደማያስታውስ፣ ሲባጎው የወለቀ ዕለት ተመልሶ እንደሚያነክስ ነገርኳቸው። ይህ አሳዘናቸው።

«ካልተፈታማ ምኑን ተገራ? ታሰረ እንጂ» አሉኝ።

እሳቸው ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ ሲባጎውን በብስክሌት ጎማ ሽቦ ተካሁት፤ ያቺን የአንድ ጣት ልል ግን አልነካኋትም። እግሮቹን እንዳያንሸራትታቸው የጎማ ጫማ አለበስኳቸው። ጥቂት ወራት ቆይቶ ቡሬ ላይ የቴክኖሎጂ አውደ ርእይ ሲዘጋጅ ጥንዚዛዬን አቅፌ ሄድኩ። በር ላይ የሚሞላ ቅጽ አለ። ከጥያቄዎቹ አንዱ «ቴክኖሎጂው የተቀዳበት አገር» ይላል። እኔም ሳላመነታ «ከማንኩሳ ገጠር፣ ከበቅሎ ገሪው ከአቶ ቢተው» ብዬ ያባቴን ስም ጻፍኩ። ትምህርት ቤት የዘለልኳቸውን በቅሎዎች ሁሉ በዚያች መስመር የካስኩ መሰለኝ።

ቅጹን የሚቀበለው ባለሙያ አንብቦ ፈገግ አለ። ደግ ሰው ነበር፤ ክፉ ቢሆን ኖሮ እንቢ ማለት ይቀለኝ ነበር።

«መምህር፣ ይኸ እኮ አገር አይዶለም» አለኝ።

እንዲህ ተሞልቶ ከቀረበ ዳኞቹ ሳያዩት ወደ ጎን እንደሚያደርጉት፣ ያን ያህል ድካሜ በአንዲት መስመር ገደል ሊገባ እንደማይገባ መከረኝ። ጃፓን በለው፣ ማን ሄዶ ያጣራብሃል አለና እስክሪብቶውን ራሱ አቀበለኝ።

እዚህ ላይ ተከራከርኩ ብላችሁ እንዴት ደስ ባለኝ። አልተከራከርኩም። ሁለት ዓመት የለፋሁበትን ነገር ሰው እንዲያይልኝ ፈለግሁ። ያባቴን ስም ሰረዝኩና «ጃፓን» ብዬ ጻፍኩ። ዳኞቹ ጥንዚዛው ሙሉ መለኪያ ተሸክሞ ጠረጴዛውን ሲያቋርጥ አይተው፣ ጃፓኖች ለካ እዚህ ደርሰዋል እያሉ ተደነቁ። ሦስተኛ ወጣሁ፤ በምስክር ወረቀቱም ላይ የተቀዳበት አገር «ጃፓን» ተብሎ ታተመ። ያ ጫማ ሰፊ ከዚያው ገበያ ዳር ነበር፤ እንዳላየሁት ሆኜ አለፍኩ።

የምስክር ወረቀቱን መስታወት አስገብቼ ለአባቴ ወሰድኩላቸው። እንዴት አስችሎህ ወሰድክ ብትሉኝ፣ ምናልባት ፊደል አለመቁጠራቸውን ተማምኜ ይሆናል። ምን እንደሚል ጠየቁኝ። ጉሮሮዬን ጠረግሁና፣ ይህ ባለ ስድስት እግር ተራማጅ ማሽን ከማንኩሳ ገጠር፣ ከበቅሎ ገሪው ከአቶ ቢተው የተቀዳ ነው ብዬ አነበብኩላቸው። አንገታቸውን አዘንብለው አዳመጡኝ።

«ማንኩሳም፣ በቅሎውም፣ ስሜም የቱ ላይ ነው?»

ጣቴን «ጃፓን» ከሚለው ቃል ላይ አሳረፍኩ። ቀረብ ብለው በአዲሱ ዓይናቸው አዩት። ቃሉ አጭር ነው። እኔ ያነበብኩት ረዥም ነበር።

«የግራ ኋላህ ዘገየ፣ ልጄ» አሉኝ።

ሁሉንም ነገርኳቸው፤ መጀመሪያ የጻፍኩትን፣ የሰረዝኩትን፣ የተቀበልኩትን እስክሪብቶ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ጃፓን በቅሎ ይኖር እንደሆነ ጠየቁኝ። እንደማላውቅ ነገርኳቸው። ተነሡና ወረቀቱን ድሮ ልጓም ይሰቅሉበት ከነበረው ኩላብ ላይ ሰቀሉት።

ዛሬም እዚያው ነው። ቤታቸው የገባ እንግዳ ሁሉ ምን እንደሚል ይጠይቃቸዋል። አባቴ ዛሬም ፊደል አልቆጠሩም፤ ያቺን አንዲት ቃል ግን ለይተው አውቀዋታል። ጣታቸውን ያሳርፉባታል።

«ይኸ ጃፓን ይላል» ይላሉ። «ጃፓን እኔ ነኝ።»